ለሰርግ ማገዶ፦ በክረምቱ ብርድ እንቁረጥ ወይስ የበጋውን ፀሐይ እንጠብቅ?

የሰቃ_መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም።

የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ጥር ላይ ነው። ከጅማ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አባታችን የተወልን ትንሽ የባህር ዛፍ ቦታ አለች። የሰርጉን ማገዶ ከዚያ እናወጣለን ብለን ተስማምተናል። ያልተስማማነው መቼ ይቆረጥ በሚለው ነው።

አጎቴ «አሁን ሐምሌ ላይ ጨርሱት» ይላል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው አይደክምም፣ እርጥብ እንጨት ለመጥረቢያ ይመቻል ባይ ነው። እናቴ ደግሞ በዝናብ የተቆረጠ እንጨት ሰርገኛውን ያስለቅሳል ብላ ድርቅ ብላለች። ኅዳር ላይ ፀሐይ ሲወጣ ይቆረጥ ነው የምትለው። እኔ መሐል ላይ ተንጠልጥያለሁ።

ዛፎቹ ውፍረታቸው ከሰው ጭን አይበልጥም። ወፍራም የሚባሉት ጥቂት ናቸው። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሂርማታ_ፈላጭ

ወንድሜ፣ እኔ እንጨት ፈልጬ ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልናገር።

አጎትህ ስለ ላብ ከሆነ ያወሩት ልክ ናቸው። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ብትሠራ ውሃ ውሃ አይልህም። ግን እንጨት መቁረጥ ላብ ብቻ አይደለም። የረጠበ እጀታ እንደ ሳሙና ከእጅህ ያመልጣል። መሬቱ ጭቃ ነው፣ መጥረቢያውን ስታሳርፍ እግርህ ይከዳሃል። ዛፉ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ዝናብ ተሸክሟል። አንተ ወደ ቀኝ ይወድቃል ስትል እሱ በክብደቱ ወደ ግራ ይዞራል። እኔ ሰው ሲጎዳ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ነው።

በጋም የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐዩን ሁሉም ያውቀዋል፣ የእጀታውን ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥርና የካቲት ላይ እጀታው ይደርቅና ይከሳል። ብረቱ መወዝወዝ ይጀምራል። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ማታ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክረው ያሳድሩታል። ጠዋት ጥብቅ ብሎ ይገኛል፣ ደስ ይላቸዋል። ፀሐይ ሲመታው ግን ከትናንቱ ብሶ ይላላል። ምክንያቱም እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ ውስጥ ቦታ የለውም፣ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፣ ከዚያም ይቀንሳል። መፍትሔው ደረቅ የወይራ ሽብልቅ በእጀታው ራስ ላይ መምታት ነው። ከዚያ ጫፉን ዘይት አጠጣው። የሚበር የመጥረቢያ ብረት ማንንም አይመርጥም።

የበጋ ሥራ በሰዓት ነው። ጎህ ሲቀድ ትጀምራለህ፣ አራት ሰዓት ላይ ታቆማለህ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ገብተህ መጥረቢያህን በሞረድ ትስላለህ። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ትቀጥላለህ። በቀትር የሚፈልጥ ሰው ጀግና አይደለም፣ የሚመክረው ያጣ ነው።

ሚኒሶታ_በረዶ

ከሩቅ ሆኜ ጣልቃ ልግባ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ ሰው ማገዶ የሚፈልጠው በትልቁ ብርድ ወቅት ነው። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ግንዱን ተሰባሪ ያደርገዋል። በመጥረቢያ አንዴ ስትለው ቷ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። በሐምሌ ሙቀት ግን ያው ግንድ መጥረቢያውን ይዞ አልለቅም ይላል።

መሬቱም ድንጋይ ስለሚሆን ግንዱን ጎትቶ ማውጣት ቀላል ነው። ትንኝ የለም፣ እባብ የለም። አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ነው፦ ውጭ ያደረ የመጥረቢያ ብረትም እንደ እንጨቱ ይሰባበራል። ስለቱ ይቆረሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ትንሽ ይሞቃል።

ስለዚህ ለአጎትየው ድምፄን ሰጥቻለሁ። ብርድ ይሻላል!

አባ_ጨዋታ

ወንድሜ ሚኒሶታ፣ ጅማን ረሳሃት ማለት ነው? እዚህ በረዶ የምናየው ለስላሳ መጠጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ መብራት ካለ። 😄

ደን_ተማሪ

@ሚኒሶታ_በረዶ ያሉት ለዚያ አገር እውነት ነው፣ ለእኛ ግን አይሠራም። ልዩነቱን ላስረዳ። እዚሁ ግብርና ኮሌጅ ነው የምማረው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

እዚያ ብርዱና ድርቀቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። ባህር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ላዩ ላይ ነው፣ የእረፍት ወቅት የለውም። የእኛ ክረምት ደግሞ ቀዝቃዛ የሚመስለን ፀሐይ ስለሚጠፋ ነው። ጅማ ላይ ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው በክረምት ሳይሆን በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር። ስለዚህ ብርድ የፈለገ ሰው ታኅሣሥ ላይ ጎህ ሲቀድ ይውጣ። ብርዱንም ያገኛል፣ ደረቁን አየርም ያገኛል። የሂርማታው ጋሼ የነገሩህ ሰዓት በትክክል ያ ነው።

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። በትክክል ደረቅ የምንለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ነው። ማገዶ የሚደርቀው በዚያች መስኮት ነው።

አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በደንብ እንዲነድ ውሃው ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ብዙ ሰው ችግሩ ውሃውን ለማትነን የሚባክነው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ጉዳት ሌላ ነው። እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ይወጣዋል፣ ነበልባል የምንለው ያ ጋዝ ሲነድ ነው። እሳቱ በውሃው ከቀዘቀዘ ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል። ያ ነው ጢሱ። ማገዶህ ወደ ድስቱ ሳይሆን ወደ ወጥ ሠሪዋ ዓይን ሄደ ማለት ነው።

ሰርግ_ቤት_ወጥ

ጎሽ ልጄ! ይህን ዓይኔ ስንት ዘመን ሲያውቀው።

እኔ የሰርግ ወጥ የምሠራ ሴት ነኝ። የምትቆርጡት እናንተ፣ የምታለቅሰው እኔ። አንድ ሰርግ ቤት እርጥብ እንጨት አቀረቡልኝ፣ ከዳር እስከ ዳር አረፋ እያስተፋ ይንፏቀቃል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተጣደ ሽንኩርት ሰርገኛ ሊገባ ሲል ገና ውሃ ያዘለ ነበር። የሙሽራው አጎት መጥቶ «ምነው ዘገየ?» ይለኛል። እንጨቱን ጠይቀው አልኩት።

ለሰርግ ሁለት ዓይነት እንጨት ነው የሚያስፈልገው። ለትልቁ ድስት ወፈር ያለ ፍልጥ፣ ቀስ ብሎ ፍም የሚሆን። ለምጣድ ደግሞ ጭራሮና ቀጭን ፍልጥ፣ ቶሎ ቦግ የሚል። የባህር ዛፉን ቅጠል አትጣሉት! ደርቆ ሲቀመጥ ለምጣድ ማቀጣጠያ እሱን የሚያህል የለም። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ያላቸው ጎረቤቶች ካሉ ደግሞ ተዋሱ፣ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

ብሳና ብቻ እንዳታመጡብኝ። ጢሱ ይሰነፍጣል።

ቡና_ለቃሚ_ማና

የኔ ጥያቄ ማን ይቆርጠዋል ነው። ኅዳር ኅዳር ትላላችሁ፣ ኅዳር ላይ እኮ ሁሉም ሰው ቡና ውስጥ ነው! ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በማናም በጎማም በሰቃም የቀን ሠራተኛ ብትፈልግ የለም። ቢገኝም የሚጠይቅህ ዋጋ የቡና ለቀማ ዋጋ ነው። የአጎትየው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ እጅ አለ።

ሌላ ነገር ልጨምር። አሮጌ ቡና ጎንድላችሁ አታውቁም? ያረጀ ቡና ለቀማው እንዳለቀ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ከሥሩ ከፍ ብሎ ይጎነደላል፣ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ። የቡና ግንድ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፍሙ ይቆያል። የካቲት ላይ የጎነደልነው እስካሁን ደጃችን ጣሪያ ሥር ተከምሯል። አንድ ክረምት ከጣሪያ ሥር ያሳለፈ፣ አንድ በጋ ደግሞ የሚጠብቀው እንጨት ነው። ለጥር ሰርግ ከዚያ የተሻለ አታገኝም። ዘመድ ጠይቅ፣ ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ ከተዋጣ ለወጡ ይበቃል። ባህር ዛፉን ለምጣዱ አድርገው።

ከዴዶ

እናንተ የከተማ ሰዎች ስለ ዝናብ ታወራላችሁ። እኛ ዴዶ ደጋ ነን፣ ደረቅ ወቅት እስኪመጣ ብንጠብቅ በብርድ እናልቃለን። በክረምት እንቆርጣለን፣ በክረምት እናነዳለን።

ምስጢሩ ቆጥ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ ፍልጡን እንደረድራለን። የዛሬው እሳት የሚቀጥለውን ሳምንት እንጨት ያደርቀዋል። እናቴ ከቆጡ ሳታወርድ ምድጃ ውስጥ እንጨት ከትታ አታውቅም። ጢሱ ደግሞ ነቀዙን ያባርራል።

ደን_ተማሪ

@ከዴዶ ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ለሰርግ ግን የትኛው ቆጥ ይችላል? ደግሞ ከእሳት በላይ የደረቀ እንጨት ሰቅለህ ነው የምትተኛው። የነበልባሉን ርቀት ተጠንቀቁ።

ከዴዶ

አያቴም ተኝቶበታል። እስካሁን ደህና ነን።

የሰቃ_መንገድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዴ ሰርግ ቤት፣ እናቴ ያሉትን ስታነብ ከወንበሯ ተነስታ አጨበጨበች።

አንድ ነገር ይጣራልኝ። አጎቴ እርጥብ እንጨት ለመፍለጥ ይቀላል ያሉት እውነት ነው ወይስ ሐምሌን ለማስወደድ ነው?

ሂርማታ_ፈላጭ

እውነት ነው። እሱ ላይ አጎትህን አልከራከርም። ባህር ዛፍ እርጥቡን ካልፈለጥከው በኋላ ያስከፍልሃል።

ዛሬ የወደቀ ባህር ዛፍ ቁራጭ ላይ መጥረቢያ ስታሳርፍ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፣ ከውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እጅህ ላይ ይረጫል። ሁለት ወር ፀሐይ ላይ ያቆየኸው ያው ቁራጭ ግን ሌላ እንጨት ነው። ጠመዝማዛ ነው፣ ቃጫው እርስ በርሱ ተያይዟል። መጥረቢያውን ነክሶ ይይዝሃል። ከዚያ ሽብልቅ ፈልግ፣ መዶሻ ፈልግ፣ ጎረቤት ጥራ። ጉጥ ካለበትማ ተወው፣ ለቡና መቀመጫ አድርገው።

ስትፈልጥ መሐሉን አትምታ። ከዳሩ ጀምር፣ ቅርፊት ቅርፊቱን አንሳለት። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ካየህ እሱን ተከተል፣ እንጨቱ ራሱ መንገዱን ያሳይሃል። ጉጥ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አድርገህ አቁመው።

ስለዚህ መቁረጥና መፍለጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቁ። ወቅቱን የምትመርጠው ለማድረቂያው ነው፣ ለመፍለጫው አይደለም።

ደን_ተማሪ

ጋሼ የተናገሩት ሳይንሱም የሚለው ነው። ውሃ ከእንጨት በብዛት የሚወጣው በሁለቱ ጫፎች በኩል ነው፤ በርዝመቱ ሲሄድ በጎኑ ከሚሄደው ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ቅርፊቱ ደግሞ ጎኑን ዘግቶ ይይዛል። ስለዚህ አጭር ቆርጠህ፣ ሰንጥቀህ፣ ቅርፊቱን ከላጥህ በግማሽ ጊዜ ይደርቃል። ሙሉ ግንድ ከነቅርፊቱ አጋድመህ «ይደርቃል» ብትል ጥር ላይ ስትፈልጠው ሆዱ ውስጥ ሐምሌን ታገኛለህ።

አንዳንዱ ዛፉን ጥሎ ከነቅጠሉ አሥር አሥራ አምስት ቀን ይተወዋል። ቅጠሉ እስኪጠወልግ ከግንዱ ውሃ ይስባል። በፀሐይ ይሠራል፣ በዝናብ ግን ከንቱ ነው። አንተ ደግሞ ቶሎ መፍለጥ ስለምትፈልግ ይቅርብህ።

ዋናው ግን ጉቶው ነው። ማንም አላነሳውም። ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ያንተ ልጆችም ሰርግ አለባቸው! ዝቅ አድርገህ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ባልበለጠ ከፍታ ቁረጥ። ፊቱን ዘንበል አድርገው፣ ውሃ እንዳይቋጥር። በክረምት ቅርፊቱ ከግንዱ ስለሚላቀቅ ደነዝ መጥረቢያ ስትመታ ከጉቶው ላይ ይገፈፋል። ቀንበጡ የሚወጣው ከዚያ ቅርፊት ሥር ስለሆነ ጉቶው ይጎዳል። በደረቅ ወቅት ቅርፊቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ከዓመት በኋላ ቀንበጦቹ ሲበዙ ሁለት ሦስት ጠንካሮቹን ትተህ ሌላውን አንሳ፣ እሱም ጭራሮ ይሆንልሃል።

ሚኒሶታ_በረዶ

ተሸነፍኩ። 😄 ግን አንድ ጥያቄ፦ በጨለማ የተቆረጠ እንጨት አይነቅዝም፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን የተቆረጠው ግን ይነቅዛል ይሉ ነበር አባባ። አሁንም ይባላል?

ሂርማታ_ፈላጭ

ለቤት ማገርና ምሰሶ አዎ፣ ሽማግሌዎቹ ይጠብቁታል። ለማገዶ ግን ማን ጨረቃ ይቆጥራል። በጥር ሊነድ ላለ እንጨት ነቀዝ ምን ጊዜ አለው?

ሰርግ_ቤት_ወጥ

የተፈለጠውን እንዴት እንደምታስቀምጡት ልንገራችሁ፣ ወንዶች እዚህ ላይ ትሰንፋላችሁ። መሬት ላይ ዝም ብላችሁ አትከምሩት፣ ምስጡ ከሥር ይጀምረዋል። ሁለት አሮጌ ግንድ ወይም ድንጋይ ከሥር ይግባ። አንዱን ድርድር በዚህ፣ ቀጣዩን በዚያ አመሳቅሉት፣ ነፋስ እንዲያልፍ። ላዩን ቆርቆሮ፣ ጎኑን ክፍት። በላስቲክ ሸራ የምትጠቀልሉት ነገር ትተውልኝ። ውሃው መውጫ አጥቶ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፣ እሳት ላይ ሲገባ ቤቱን ያሸተዋል።

መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ አጋጩ። ቋ ካለ ደርቋል። ድፍን ካለ ገና ነው። ጫፉ ላይም ስንጥቅጥቅ ይላል።

የሰቃ_መንገድ

ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንዲህ ወስኗል። ሐምሌ ላይ አንቆርጥም። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ እንደቆመና የቡናው ጥድፊያ ሳይከር፣ ቶሎ ቆርጠን እዚያው እንፈልጠዋለን። ከእጅ አንጓ ያልወፈረ ፍልጥ ይሆናል። ሰርጉ ጥር መጨረሻ ስለሆነ ከሦስት ወር የማያንስ ፀሐይ ያገኛል። ለወጡ ድስት ደግሞ ማና ካሉት ዘመዶቻችን የቡና ግንድ እንጠይቃለን፣ የአክስቴ ባል እሺ ብሏል።

አጎቴ ትንሽ ቅር ብሎታል። የዛፎቹን ዙሪያ ቁጥቋጦ በክረምቱ እንዲመነጥር ሰጥተነዋል፣ ቀዝቃዛ ነው አይደል።

የቀረኝ ሞተር መጋዝ ልከራይ ወይስ በመጥረቢያ ይበቃል?

ሂርማታ_ፈላጭ

ለመጣልና ለመቆራረጥ ሞተሩ ይሁን። ጉቶውም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ልጁ እንዳለው። ለመፍለጥ ግን ሞተር አያስፈልግህም፣ ነዳጅ ማቃጠል ነው። ጥርሱን አስለው እንደመጡ ጠይቅ፣ ደነዝ ሞተር ዱቄት እንጂ ሰንጣራ አይወጣውም።

ቡና_ለቃሚ_ማና

እንጨቱን ወደ ከተማ በመኪና የምታስገባ ከሆነ ከቀበሌህ ወረቀት ያዝ። የራሴ ዛፍ ነው ብትል ኬላ ላይ ማን ያምንሃል። ዋንዛ ካለበት ደግሞ በጭራሽ አትነካካው፣ በአንድ ጭነት ውስጥ አንድ የዋንዛ ግንድ ቢገኝ ባህር ዛፉም አብሮ ይታሰራል።

የሰቃ_መንገድ

ዋንዛው አጥሩ ላይ ነው፣ አንነካውም። ወረቀቱን ነገ እጠይቃለሁ።

አባ_ጨዋታ

የጥሪ ካርዱስ? ይህን ሁሉ እንጨት የፈለጥነው በነፃ ነው እንዴ?